በድንጋይ መካከል ስለሚተከል አትክልትና ስለ አንዲት ትንሽ ዛፍ

ከሰሜን ሸዋ ደጋ አንዲት የዚህ ዐምድ አንባቢ ጽፈውልናል። ቤታቸው በታደሰ ጊዜ የተረፈው ድንጋይ በግቢው ጥግ ተከምሯል። እኅታችን ያን ክምር በትነው፣ አማታቸው ጧት ጧት ፀሐይ ከሚሞቁበት መደብ ፊት ለፊት አትክልት ሊያበቅሉበት ይመኛሉ። ባለቤታቸው ግን ለልጆች ትምህርት ገንዘብ የሚያስገኝ ባሕር ዛፍ ይተከልበት ባይ ናቸው። «ከሁለታችን ማን ይቅር?» ሲሉ ይጠይቁናል።

በድንጋይ መካከል የተራራ ተክል ማሳደግ በአውሮጳ የቆየ ጥበብ ነው። በለንደን በሚገኘው በኪው የዕፅዋት ሥፍራ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. ይህን የመሰለ የድንጋይ አትክልት ተሠርቷል። እነርሱ ተክሉን ከሩቅ ተራራ ማስመጣት ነበረባቸው። እኛ ደገኞች ግን ተራራው ከደጃችን ነውና ይህ ድካም የለብንም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የውሃው መውረጃ ነው። የደጋው ጥቁር ዐፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ይቋጥራል፤ የተራራ ተክልን ደግሞ ብርድ ከሚገድለው ይልቅ ሥሩ በቋጠረ ውሃ በስብሶ የሚሞተው ይበዛል። ስለዚህ አንድ እጅ ዐፈር ከሁለት እጅ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ጋር ይቀላቅሉ። ድንጋዩንም እንዲሁ ከላይ አያስቀምጡት፤ ሲሦውን ያህል ቀብረው ራሱን ጥቂት ወደ ኋላ ያጋድሉት። እንዲህ ሲሆን ዝናሙ ወደ ተክሉ ሥር ይገባል፤ ድንጋዩም ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይሰጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድ፣ ለጋው ተክል ከፍ ካለው በኩል ይሁን።

ከተክሎቹ መጀመሪያ የምንመርጠው ጦስኝን ነው። ከመሬት ተጣብቆ ይስፋፋል፣ የድንጋዩን ጠርዝ ያለብሳል፣ በእግር ሲነካ ይሸታል፣ ለሻይም ይሆናል። ሥር ያወጣ ቅርንጫፉን ገንጥሎ መትከል ይበቃል። ከድንጋዩ ራስ ላይ እሬት ይኑር፤ በደጋችን ከሚበቅሉት የእሬት ወገኖች አንዱ ሳይንሳዊ ስሙን ከደብረ ብርሃን የወሰደ ነው። እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብበውን፣ በአንዳንድ አገር አሸንዳ የሚሉትንም ከኋላ በኩል ያስከትሉ። ቀጋ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ የበቀለ ብቸኛ የጽጌረዳ ወገን ነውና ልናከብረው ይገባል፤ ነገር ግን እሾኹ ለአሮጊት ልብስ አይመችምና ወደ አጥሩ ይሂድ።

ስለ ጅብራ ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ከዐሥር ዓመት በፊት በውበቱ ተማርከን ከአንድ ተራራ ለጋውን ነቅለን በግቢያችን ተከልነው። በጥቅምት ቆሞ ነበር፤ እስከ ታኅሣሥ ግን አልደረሰም። ጅብራ ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሲያወጣ ኖሮ፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ አብቦ ዘሩን በትኖ የሚሞት ፍጥረት ነው። እኛም ተክሉን ብቻ ሳይሆን ዘሩን ጭምር ከተራራው ቀማን። ተማሪዎቻችን «የኔታ፣ ያ ረጅሙ የት ሄደ?» እያሉ ሲጠይቁን መልስ አጣን። ስለዚህ ጅብራን ለማየት የወደደ እበቀለበት ድረስ ይውጣ።

ወደ ዛፏ እንመለስ። ጽድና ኮሶ የተከበሩ ናቸው፤ ነገር ግን ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆኑም። ወይራ መልካም ነው፤ ሆኖም እድገቱ አዝጋሚ ስለ ሆነ አማትዎ ጥላውን ለማየት ረጅም ዘመን ይጠብቃሉ። አስታ ነጭ አበባው ለንብ ደስ ይላል፤ ከለመደበት ሲነቀል ግን ያኮርፋል። እኛ የምንመርጠው አሜጃን ነው። ደጋውን የለመደ ነው፣ አበባው ደማቅ ቢጫ ነው፣ ቁመቱም በመቊረጥ ይገታል። ችግኙን ከተራራ ሳይሆን ከችግኝ ጣቢያ ወይም ከጎረቤት ይፈልጉ። ክረምቱ ሲገባ ተክለው፣ በመጀመሪያው የውርጭ ወራት ማታ ማታ በጭድ ይሸፍኑት።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ለልጆች ትምህርት ማሰባቸው የሚነቀፍ አይደለም። ባሕር ዛፍም በጥቂት ዓመት ለምሰሶ ይደርሳል። ነገር ግን ከቤት አጠገብ ከሆነ ሥሩ ውሃውን ይስባል፣ ጥላውና ቅጠሉ ከበታቹ ያለውን ያቀጭጫል፣ ነፋስ በገነደሰውም ጊዜ ጣራ ላይ ይወድቃል። በደብዳቤዎ ከቤቱ ራቅ ብሎ የድንበር መሬት እንዳለ ጽፈዋልና ባሕር ዛፉ ወደዚያ ይሂድ፤ ከምንጭና ከጎረቤት እርሻ ግን ይራቅ። ጥጉ ለአማትዎ ይቅር። አሜጃውን ከመትከልዎ በፊት እርሳቸውን በመደቡ ላይ አስቀምጠው የጧቷ ፀሐይ በየት በኩል እንደምታገኛቸው ይጠይቋቸው፤ ዛፉም ከዚያ ወዲህ አይሁን።