ወለድ «የአገልግሎት ክፍያ» ሲባል

ከነፋስ መውጫ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ሙስሊም የእህል ነጋዴዎች አንዱን ይዘህ «ወንድሜ፣ ወለድ ትበላለህን?» ብትለው «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ፊቱን ያዞርብሃል። እውነቱን ነው፤ አይበላም። በቁጠባ ደብተሩ ላይ የሚታሰብለትን ወለድ «ይቅርብኝ» ብሎ ፈርሞ የተወ ብዙ ሰው አለ። ነገር ግን የዚያኑ ሰው የተንቀሳቃሽ ሂሳብ መግለጫ ተቀብለህ ከላይ እስከ ታች ብታነብ በየወሩ መጨረሻ አንዲት ተቀናሽ ታገኛለህ። ምንድን ናት ስትለው «እሷማ የኦቨርድራፍት ናት፤ የባንክ ክፍያ ናት» ይልሃል። በአፉ ያላስገባው ወለድ ከኪሱ እየወጣ ነው። እሱ ግን መክፈልን ከመብላት ለይቶ፣ ኃጢአቱ ሁሉ የባንኩ ነው ብሎ ተኝቷል።

ለመሆኑ ይህን ልዩነት ማን አመጣው? ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የረገሙት ወለድ በይውን ብቻ አይደለም፤ ከፋዩን፣ ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም ጭምር ነው፤ ሁሉንም እኩል አድርገዋቸዋል። ይህን በየሚንበሩ ሲነገር ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን። የማናውቀው ሕጉን አይደለም፤ የባንኩን ወረቀት ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን እንየው። ኦቨርድራፍት ማለት በሂሳብህ ካለው ገንዘብ በላይ፣ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ ቼክ እንድትጽፍ ባንኩ የሚፈቅድልህ ብድር ነው። ቤትህን ወይም መኪናህን በመያዣ ትሰጣለህ። ከዚያ ስትፈልግ ታወጣለህ፣ ስትፈልግ ታስገባለህ፤ ወለዱ በየዕለቱ ባለብህ ዕዳ ልክ ይታሰብና በየወሩ ይቆረጣል። ለምሳሌ ያህል ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው እንበል። በታኅሣሥ፣ ገበሬው ጤፉንና ስንዴውን ወደ ገበያ በሚያወጣበት ሰሞን፣ 300,000 ብር ከሂሳብህ በላይ አወጣህ። ወለዱ በቀን 148 ብር ያህል ነው። በ40 ቀን ብትመልስ 5,918 ብር ገደማ ትከፍላለህ፤ መንገድ ተዘግቶብህ ወይም ዋጋ ወድቆብህ 100 ቀን ብትቆይ 14,795 ብር ገደማ ይሆናል። ይህም በየወሩ ያልተከፈለው ወለድ ከዋናው ዕዳ ጋር ተደምሮ ራሱ ወለድ መውለዱን ሳንቆጥር ነው። በእነዚያ በተጨመሩት 60 ቀናት ባንኩ ምን ሠራልህ? እህልህን ጠበቀልህ? ጆንያ ተሸከመልህ? ምንም አልሠራም። የተሸጠልህ ቀን ነው።

በጃሂሊያ ዘመን አበዳሪው ቀኑ ሲደርስ ተበዳሪውን «ወይ ክፈል፣ ወይ ጨምር» ይለው ነበር። የያኔው አበዳሪ ቢያንስ በአካል መጥቶ ይጠይቅ ነበር፤ የዛሬው ሳይጠይቅ ይጨምራል።

«አይ፣ ይህ እኮ ወለድ አይደለም፤ የአገልግሎት ክፍያ ነው» የሚል ወንድም አለ። ይህ ክርክር ዛሬ ከነጋዴው አልፎ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው እጅ ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ክረምት ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ካወጣቸው አገልግሎቶች አንዱ «ቴሌብር እንደኪሴ» ይባላል። ዕቃ ልትገዛ ስትል ገንዘብህ ካነሰ ጎደሎውን ይሞላልሃል፤ በኋላ ገንዘብ ሲገባልህ ከነክፍያው ያስመልሳል። ስሙ ደስ ይላል፤ ኪስህ ሳይሆን «እንደ ኪስህ» ነው። ሥራው ግን ያው ኦቨርድራፍት ነው፤ ልዩነቱ ቼክ ደብተርና ካርታ አለመጠየቁ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ይኸው ዳሸን ባንክ «ሸሪክ» የሚባል ከወለድ ነጻ አገልግሎት ለሙስሊሙ ከፍቷል። አንዱን በር ለይተው የከፈቱልን ሌላው ወለድ መሆኑን ስላወቁ አይደለምን?

(ከሂሳብ በላይ ማውጣት ሲባል በመጋቢት 2016 የሆነውን የምታስታውስ ትኖራለህ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰው የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ፤ ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን ገልጾ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ ማውጣት ደረሰ። ያ የአማና ጉዳይ ነው። የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልሳል፤ ክርክር የለውም። እኔ የምናገረው በውልና በፊርማ ስለሚወሰደው ነው።)

ክፍያን ከወለድ የምንለይበት መመዘኛ ጠፍቶ አያውቅም። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጅዳ የሆነው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 የባንክ ወለድ ሪባ መሆኑን ወሰነ። በ2000 ደግሞ ሪያድ ላይ ተሰብስቦ በብድር ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣትን መረመረ፤ ከብድሩ መጠን ወይም ከቆይታው ጋር ያልተያያዘ ቁርጥ የአገልግሎት ዋጋ ይፈቀዳል፤ ከእውነተኛው የሥራ ወጪ የሚበልጠው ግን ሪባ ነው አለ። እንግዲህ ስሙን ተወውና ሁለት ጥያቄ ጠይቅ። የተበደርኩት እጥፍ ቢሆን ክፍያው ይጨምራልን? አንድ ሳምንት ባዘገይ ይጨምራልን? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለው ጽሑፍ በከረጢቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ በውስጡ ያለው ወለድ ነው። የእንደኪሴንም፣ የባንክህንም ውል በዚሁ መዝነው።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ ብንሆን ኖሮ «ሃይማኖተኞች አጋነኑት» ይባል ነበር። የእንግሊዝን አገር ተመልከት። ባንኮቹ ከሂሳቡ በላይ ያወጣውን ሰው በቀን ይህን ያህል ፓውንድ፣ በወር ይህን ያህል ፓውንድ እያሉ በ«ክፍያ» ስም ያስከፍሉ ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ይህን ቁርጥ ክፍያ ከለከለና ሁሉንም በአንድ ዓመታዊ የወለድ መጠን ንገሩ አላቸው። መጋረጃው ሲገለጥ ብዙዎቹ ባንኮች የጻፉት ቁጥር 40 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ! ሸሪዓን የማያውቅ መንግሥት «ክፍያ» የሚለውን ስም አስወልቆ ወለድ አሰኘው፤ ሸሪዓን የምናውቀው እኛ ደግሞ ወለዱን ክፍያ እያልን እናለብሰዋለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2479 ተዋዋዮች ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 712 ደግሞ አራጣን ይቀጣል። በጋይንትና በስማዳ በክረምት አንድ ቁና አበድሮ በጥር አንድ ተኩል የሚሰፍር ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። መሬት ይዞ ዋናው ብር እስኪመለስ ምርቱን የሚበላውንም «ወለድ አገድ» ብለን በስሙ እንጠራዋለን። አባቶቻችን ነገሩን በስሙ ጠርተውታል፤ ወለዱ ከነስሙ አለ። ታዲያ ያንኑ ሥራ ማኅተምና ወንበር ያለው ሲሠራው ስሙ ለምን ይጠፋል?

እዚህ ላይ ያለው ነገር ያማል። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲ ኔት ታቅፎ የኖረ ድሃ ብዙ ነው። ከዚያ መካከል አብቁተ (ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው) በቡድን ዋስትና ሲያበድር «ወለድ አለበት» ብሎ ያልነካ፣ በሬ መግዣ አጥቶ መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሙስሊም ገበሬ አለ። ባለ ቤትና ባለ መጋዘኑ ወንድሙ ግን በዚያው ወለድ የዚያኑ ገበሬ እህል ይገዛል! ከሁለቱ ዶሩራ ለማን ይቀርባል? «ንግድ ያለ ኦቨርድራፍት አይሆንም፣ ዶሩራ ነው» የምትል ወንድሜ፣ ዶሩራ የሚበላው ላጣ እንጂ ሁለተኛ መጋዘን ለሚሞላ አልተደነገገም።

አንድ ነገር ደግሞ አስብ። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ገብታ ነበር። ሱቅ ተዘግቶ፣ ሰው ተሰድዶ፣ ንብረት ተዘርፎ ነበር። በየዕለቱ የሚቆጠር ዕዳ ያለበት ነጋዴ በዚያ ሳምንት ቢሆን፣ ውሉ ራሱ «ቁም፣ ሰውዬው ተቸግሯል» የሚል መስመር አለውን? በሱረቱል በቀራህ 280ኛው አንቀጽ የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ይጠበቅ ዘንድ ታዟል፤ መማር ደግሞ ይበልጣል ተብሏል። ወለድ ግን ችግርን ይጠብቃል፤ ትርፉ ከመዘግየትህ ነውና።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ትለኛለህ። ትናንት ይህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም ሲደከም ኖሮ፣ በ2004 የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች መስኮት ብቻ እንዲሰጥ ስለፈቀደ ጥረቱ ቆመ። በ2006 የንግድ ባንክ፣ በኋላ «ሲቢኢ ኑር» የተባለው፣ አገልግሎቱን ጀመረ፤ በ2011 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ፤ ዘምዘም በሰኔ 2013 ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራም ተከተለ። ዛሬ በአቅራቢያህ እነዚህ ባንኮች ባይኖሩ እንኳ የመደበኛው ባንክ መስኮት አለ። ሰበቡ አጥሯል።

ይህን ስል ግን ከወለድ ነጻ የተባለውን ሁሉ ዓይን ጨፍኜ አላወድስም። ሙራበሓ ውድ ነው የሚል ነጋዴ ሁልጊዜ አልተሳሳተም። ከዚህም የከፋው ወረቀት ላይ ብቻ የሚደረግ ሙራበሓ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ሳያየውና ሳይረከበው፣ ነጋዴው የጓደኛውን ደረሰኝ አምጥቶ ጥሬ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄድበት። ይህ ሒላ ነው፤ ከኦቨርድራፍቱ የሚለየው በዐረብኛ ስሙ ብቻ ነው። በትክክል ከተሠራ ግን ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ የኪሳራውን ኃላፊነት ወስዶ፣ ትርፉን ነግሮ ይሸጥልሃል፤ ዋጋው ተቆርጧልና 40 ቀን ሆነ 100 ቀን ዕዳህ አያድግም።

ለእህል ነጋዴ ደግሞ ከባንክ ውጭም በር አለ። ሰለም ይባላል፤ ዋጋውን ዛሬ ሙሉ በሙሉ ለገበሬው ከፍለህ፣ መጠኑና ዓይነቱ የታወቀ እህል በታወቀ ቀን የምትረከብበት ሽያጭ ነው። ለእስቴ ጤፍ የተሠራ ይመስላል። (የሰኔ ረሃቡን አይቶ ዋጋውን አፈር የሚያስገባ ሰው እዚህም አይጠፋም፤ እሱን ሌላ ቀን እንመለስበታለን።) ገንዘቡን በባንክ አስቀምጦ ለወንድሙ ቀርድ ሐሰን የሚነፍግ፣ ሙዳረባ ሲሉት የሚሸሽ ሀብታምም ድርሻውን ይውሰድ። እናንተ በራችሁን ስትዘጉ ነው ነጋዴው ወደ ወለዱ በር የሄደው።

ሂሳብህን ለመቀየር ከወሰንክ በንዴት ተነስተህ አትሂድ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አዲሱ ባንክ ራሱ ሂሳብህን በ7 የሥራ ቀን ያዛውርልሃል፤ እዚህ ሥራው ያንተው ነው። መጀመሪያ አዲሱን ሂሳብ ክፈት። ገንዘቡ በወዲዓ ነው በሙዳረባ፣ ሙራበሓው ላይ ዕቃውን ማን ይረከባል፣ ብዘገይ የሚጠየቀው ቅጣት ለባንኩ ገቢ ነው ወይስ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል ብለህ ሥራ አስኪያጁን ጠይቀው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጥህ። በአሮጌው ሂሳብ የጻፍካቸው ቼኮች ሁሉ እስኪመነዘሩ በቂ ገንዘብ ተውለት፤ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ስንቅ የሌለው ቼክ ያስጠይቃልና። ከዚያ የኦቨርድራፍቱን ዕዳ ከየትም ብለህ፣ ከእቁብህም ቢሆን፣ በአንድ ጊዜ ዝጋው። ለጣሪያው ማደሻ ሲጠሩህ አትፈርም። ዕዳ የሌለብህ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤና የመያዣውን ካርታ በእጅህ ተቀበል፤ ቀሪዎቹን የቼክ ቅጠሎች ቆጥረህ መልስና ደረሰኝ ያዝ።