ሰሙ ግዢ፣ ወርቁ ኪራይ

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን እንደ ሰምና ወርቅ ያሰለቸኋቸው ነገር የለም። “ሰሙን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ወርቁ ከሥር ነው” እያልኩ ስንቱን ጠመኔ ጨርሻለሁ። ይኸውላችሁ፣ ያ ሁሉ ጠመኔ ለራሴ ሳይሆነኝ ቀረና አንዲት የስልክ ቁልፍ ሰሙን አስጨብጣ ሸኘችኝ። ቁልፏ ላይ የተጻፈችው ቃል አንዲት ናት፤ “ዳውንሎድ”።

ታላቅ ወንድሜ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ባለች አነስተኛ ከተማ ነበር የሚኖረው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታሞ አልጋ ያዘ። ደውዬ “ምን ይዤልህ ልምጣ?” ብለው፣ “መድኃኒቱስ አንገሸገሸኝ፤ ዘፈን አምጣልኝ፤ የድሮውን” አለኝ። ወንድሜ “የድሮውን” ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማሕሙድ፣ ዓለማየሁ፣ አስናቀች ከነክራሯ። በክልሉ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ከዚህ ሆኖ መላክ የማይታሰብ ነው። ያለው አማራጭ በኪስ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የእህቴ ልጅ ቀደም ብላ በወር ክፍያ ከሚሠሩት የዘፈን አገልግሎቶች አንዱ ላይ አስገብታኝ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከአንዱ ጋር ሳይሆን ከአሠራሩ ጋር ነው። ስድሳ ዘፈን መረጥኩ፤ ዳውንሎድ የምትለዋን ተጫንኩ፤ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው 23 ላይ ቆሟል። በማግስቱም 23።

መካሪ ሲጠፋ አያድርስ ነው፤ ሲበዛም አያድርስ ነው። ሰፈራችን ሞባይል የሚጠግነው ልጅ “ጋሼ፣ ስልክዎ ሞልቷል” አለኝ። እውነትም የዘመድ አዝማድ የሠርግ ቪዲዮ አጨናንቆት ኖሯል። አጠፋሁ፤ 31 ገባ። ጎረቤቴ “ባትሪ ቆጣቢውን ዝጋው፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ሥራውን ያቋርጥብሃል” አለኝ። ዘጋሁ፤ 44 ገባ። የእህቴ ልጅ ደግሞ “በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ ተደርጎ ይሆናል፣ እየው እስቲ” አለችኝ። እርሱንም አየሁ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ የድርጅቱን የእርዳታ ገጽ ከፈትኩ። “ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት” ይላል። ታዘዝኩ። ለካስ ፕሮግራሙ ሲጠፋ እስከዚያ የወረደው ሁሉ አብሮ ይጠፋል! ከ44 ወደ ዜሮ። መፍትሔ ብለው የጻፉት እንግዲህ ይህንን ነው።

ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ ጥፋተኛው ማን ነው? እኔ ነኝ። ስልኬ ጠቧል፤ ባትሪ ቆጥቤያለሁ፤ ኔትወርኬ ደክሟል፤ ቅንብሬ ተሳስቷል። ከፋዩ እኔ፣ ጠጋኙ እኔ፣ ተወቃሹም እኔ። ገንዘብ የተቀበለው ወገን አንዴም ቢሆን “ምናልባት ችግሩ ከእኛ ይሆናል” አላለም።

ደግነቱ በኅዳር መጨረሻ ስድሳውም ገባ። በየዘፈኑ ስም ጎን “ወርዷል” የምትል ምልክት ተደረደረች። ዳታ እንዳይበላብኝም ፕሮግራሙን “ከመስመር ውጭ” አድርጌ ዘጋሁት። መንገዱ ተከፈተ፣ ተዘጋ ሲባል ቆየና ጥምቀት ካለፈ በኋላ ተሳፈርኩ።

ወንድሜ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ። ስልኩን ከፈትኩ። የስድሳው ዘፈን ስም ተደርድሯል። የመጀመሪያውን ነካሁት፤ ዝም። ሁለተኛውን ነካሁት፤ ዝም። ከዚያ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ከኢንተርኔት ካላገናኘኸኝ አላጫውትም ነው ነገሩ። ማከማቻውን ገብቼ አየሁት። ፕሮግራሙ ወደ 300 ሜጋባይት ይዟል። ስድሳ ዘፈን፣ እያንዳንዱ አራት ደቂቃ፣ በመካከለኛ ጥራት ስታሰሉት እዚያው ግድም ነው የሚመጣው። ማለትም ዘፈኑ አለ። እጄ ላይ ነው። ቁልፉ ግን የሰው ነው።

ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎኝ፣ መነጽሩን አድርጎ ርዕሶቹን አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ “እና አንተ ያመጣህልኝ የዘፈን ስም ዝርዝር ነው?” አለኝ።

ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ከጥርስ አላለፈም።

በዚያን ቀን ማታ ዘፈን ያሰማን የጎረቤት ልጅ ነው። ገበያ መሐል ካለች “ዘፈን እንጭናለን” ከምትል ሱቅ በጥቂት ብር ያስሞላት ሚሞሪ ካርድ ነበረችው። ሬዲዮኑ ጎን ሰካት፤ ጥላሁን ዘፈነ። ለጥላሁን ወራሾች አንድ ሳንቲም ያልተከፈለበት ቅጂ ያለምንም ማመንታት ዘፈነ፤ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ዝም አለ። ሐቀኛው ከፋይ ዝምታ ገዛ፤ ያልከፈለው ዘፈን ሰማ። ከዚህ የከፋ ትምህርት ለአንድ ልጅ ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ ስመለስ ሰው ሁሉ ሳያነብ “ተስማምቻለሁ” የሚለውን ደንብ አነበብኩ። ነገሩ የአንድ ድርጅት ተንኮል አይደለም፤ የሙያው ልማድ ነው። ስፖቲፋይን የመሰለ በዓለም የታወቀ አገልግሎት ሳይቀር በግልጽ ጽፎ ያስቀመጠው ነው፤ ዳውንሎድ የተደረገ ዘፈን እንዲቆይ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት መገናኘት ግድ ነው። ፋይሉ ተቆልፎ የሚቀመጥ በመሆኑ ከዚያው ፕሮግራም በቀር የሚከፍተው የለም፤ ወደ ፍላሽ ቢገለብጡትም አይዘፍንም። ክፍያ ሲቋረጥ ይዘጋል። የዘፈኑ ባለመብትና አገልግሎቱ ካልተስማሙ ደግሞ ዘፈኑ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ “ወርዷል” የተባለውም አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ወርቁ ይኸው። “ዳውንሎድ” ሰሙ “ወሰድኩ፣ የእኔ ሆነ” ነው፤ ወርቁ “ለሠላሳ ቀን ተዋስኩ” ነው። “ላይብረሪህ” ይላሉ፤ መጽሐፉን በፈለጉ ጊዜ ከመደርደሪያው የሚያነሱበትን ላይብረሪ። “የቤተሰብ ጥቅል” ይላሉ፤ ደንባቸውን ስታነቡት ቤተሰብ ማለት በአንድ አድራሻ የሚኖር ነው። (እኔና የእህቴ ልጅ በዚህ አማርኛ ባዕዳን ነን ማለት ነው። ደንቡን እርሷም አላነበበችው፣ እኔም አላነበብኩት።) አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው የአከራይን ባሕርይ ያውቃል። ውሃ ይቆጥራል፣ መብራት ያስጠፋል፣ እንግዳ ይከለክላል። ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ ክፉ የሚባለው አከራይ እንኳን ሲያከራይ “ቤቱን ገዛኸው” አይልም! “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ይላሉ አበው፤ የተዋሰው ሰው ቢያንስ መዋሱን ያውቅ ነበር።

ቆይ፣ ኪራይ ምን ነውር አለው? ምንም። በትንሽ ገንዘብ የዓለምን ዘፈን ሁሉ መስማት ለሚፈልግ ሰው መልካም ነገር ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ክርክሬ በስሙ ላይ ነው። ኪራይን ግዢ አስመስሎ የሚጠራ ነጋዴ፣ ዕቃው ባልሠራ ጊዜ ጥፋቱን ወደ ገዢው ለመግፋት ያመቸዋል። “አልወርድ አለኝ” ስትሉት “ስልክዎን ይመልከቱ” ይላችኋል። “ወርዶ አልዘፍን አለኝ” ስትሉትም “ስልክዎን ይመልከቱ” ይላችኋል። የመጀመሪያው ብልሽት ነው፤ ሁለተኛው ግን ብልሽት አይደለም። አሠራሩ በትክክል እየሠራ ነው! የተሠራውም ዝም እንዲል ነው።

ደግሞ ያ 30 ቀን የተባለው! የጻፈው ሰው ወር ሙሉ ኢንተርኔት የሌለበት አገር መኖሩን አስቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኛ ግን ቁጥሩን እናውቀዋለን። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። ለዘፋኙ በሚለቀስበት ሰሞን ዘፈኑን መስማት የቻለው ቅጂ በእጁ ያለው፣ አለዚያም ሬዲዮና ቴሌቪዥን የከፈተ ነበር። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ግንኙነት ጠፍቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሃያ አራት ጊዜ ሠላሳ ቀን ነው። ሰው ዘፈን እጅግ የሚያስፈልገው ደግሞ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ በሐዘን፣ በሕመም፣ በመንገድ መዘጋት። ደንቡ የሚቆልፈው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ኢንተርኔቱን የዘጋው ሌላ ነው፤ እሱን በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ግን ዘፈኑን ከኢንተርኔቱ ጋር በአንድ ሰንሰለት ያሰረው ማን ነው?

አውቃለሁ፣ መልሱ ተዘጋጅቷል። “ካልተቆለፈ ትሰርቁታላችሁ።” ይህንን ክስ እኔ አልክድም። ሰርቀናል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ግድም በራሱ ድፍረት የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳትሞ መንገዱን ከከፈተ ወዲህ፣ በሸክላውም በካሴቱም ዘመን ሙዚቃችንን ያቆሙት ጥቂት ደፋር አሳታሚዎችና ብዙ ያልተከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ካሴት ሲመጣ ቤታችን ሁሉ ማባዣ ሆነ። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኛ ያልገለበጥኩት ካሴት አልነበረኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. እነ ኤልያስ መልካ “አውታር”ን አቋቁመው ዘፈን በስልክ ተከፍሎበት እንዲደመጥ የደከሙትም ባለሙያው ከላቡ እንዲበላ ነው። ነፃ ዘፈን ይሰጠን የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር የለሁበትም።

ግን ቁልፉ ሌባውን ያዘው ወይ? ወንድሜ ቤት ያየሁትን ነገርኳችሁ። ሚሞሪ ካርዷ እንደልቧ ዘፈነች። ቁልፉ የያዘው የከፈለውን ብቻ ነው። አይቻልም እንዳትሉኝም፣ ሳይቆለፍ መሸጥ ተችሏል። አፕል በ2009 እ.ኤ.አ. በአይቱንስ መደብሩ ከሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ ቁልፉን አንስቶ መሸጡን ቀጥሏል። ባንድካምፕ የተባለው መደብርም የሚሸጠው ገዢው ወስዶ የፈለገበት የሚያስቀምጠውን ፋይል ነው። ከፍለህ ትወስዳለህ፤ ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ ዘፈኑ ይዘፍናል፤ ልክ እንደ ካሴት።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የውጮቹ አይሰሙኝም፤ ለአገር ቤቶቹ ግን እናገራለሁ። አንደኛ፣ ኪራዩን ኪራይ በሉት። “ዳውንሎድ” ከምትሉ፣ “ለ30 ቀን ያለ ኢንተርኔት ያድምጡ” ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። ቃል አይገድም፤ እኔ በነፃ እጽፍላችኋለሁ። ሁለተኛ፣ ከኪራዩ ጎን ግዢ አስቀምጡልን። የማይቆለፍ ፋይል፣ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ግድ የለም፤ ድርሻው ለዘፋኙ፣ ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲው የሚደርስ። ይህን ስታደርጉ ነው “ዘፈን እንጭናለን” የምትለዋን ሱቅ በሐቅ የምትወዳደሯት። አሁን እርሷ የምትሸጠው የሚዘፍን ዘፈን ነው፤ እናንተ ግን የዘፈን ስም ዝርዝር።

እስከዚያው፣ በልምድ የከፈልኩበትን ለአንባቢ ላካፍል። ሩቅ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ በዋዜማው ኢንተርኔት ባለበት ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ የ30 ቀኑ ቆጠራ ያኔ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ አንድ ሁለት ዘፈን አጫውታችሁ ፈትኑ፤ “ወርዷል” የምትለዋን ምልክት አትመኑ። ሲያወርድ ስልኩ ቻርጅ ላይ ይሁን፤ ባትሪ ቆጣቢው ይዘጋ፤ ቦታም ይኑረው። “አጥፍተው ይጫኑት” ያላችሁን ሰው ግን መጨረሻ ላይ ስሙት።

ወንድሜ በዚያው ዓመት ፋሲካን ሳይደርስ አረፈ። ያ ስድሳ ዘፈን አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ብዙውን ጊዜ አልከፍተውም፤ አንዳንዱን ርዕስ ሳይ የእርሱ ድምፅ ሲያነበው ይሰማኛል። ቢሆንም በወር አንድ ቀን ኢንተርኔት ሳላገናኘው አልቀርም፤ እንዳይዘጋብኝ።

ምን ላድርግ፣ ኪራይ ነዋ!