ሮቢ መሬታችንን ይዞ ሲሄድ ቪዲዮ አንቅረጽ

ወገን፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ ከሆንክ ታውቀዋለህ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከተማው ጠብታ ሳያይ ሮቢ ወንዝ ድንገት ይሞላል። የዘነበው እኛ ጋ አይደለም፣ ደጋው ላይ ነው። ጎርፉ የሽንኩርቱንና የማሾውን ማሳ ዳር እየናደ ወደ አዋሽ ይወስደዋል። እኛስ? ድልድዩ ላይ ቆመን እንቀርጻለን። እኔም ቀርጫለሁ፣ አልዋሽህም።

ዲግሪ ይዤ ቤት ስቀመጥ ይሄ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። «ሥራ የለኝም፣ ጭራሽ በነጻ ልልፋ?» የምትል አለህ፤ እውነትህን ነው። በጎ ፈቃድ የሥራ ምትክ ነው የሚልህን አትስማው። ግን የሚሄደው የአባትህ ማሳ ነው፣ ነገ ሥራ ብታገኝም አፈሩ ከአዋሽ አይመለስም።

ደግሞ ለፎቶ እንትከል እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። የተተከለውን ሁሉም ያወራል፣ የጸደቀውንስ? እኔ የምለው ሣር ነው። አትሳቅ! ቬቲቨር የሚባለው ሣር ሥሩ ቁልቁል እስከ 3 ሜትር ይወርዳል። በዘር ስለማይራባ ማሳ አይወርም። ከአንዱ እግር ገንጥለህ በ10 እና በ15 ሳንቲሜትር ርቀት በመስመር ትተክለዋለህ፤ ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ እንደ አጥር ይገጥማል፣ ጎርፉን ያዘገያል፣ አፈሩን ያስቀራል። ዋናውን ወንዝ ብቻውን አይችለውም፣ እዚያ ጋቢዮን ያስፈልጋል። የእኛ ቦታ ገና የጀመረው ቦረቦርና የማሳው ዳር ነው።

ረግረግ ላይ ደግሞ የራሳችን ፊላ፣ ደንገልና ቄጠማ አለ። በየበዓሉ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? በከሚሴ በኩል፣ ቦርከና ዳር ያለው የጨፋ ረግረግ በበጋ የስንቱ ከብት ማረፊያ ነው፤ እየታረሰ ጠበበ።

ጣናን አስታውስ። እምቦጭ 2004 አካባቢ ታየ፣ በ2010 ወጣቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ያኮራል። ግን ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ዘመቻው ሲበርድ ተመልሶ አበበ። ለመንቀል አንድ ቀን ሆ ብሎ መውጣት እናውቅበታለን፤ ተክሎ መጠበቅ ላይ ነው የምንጠፋው።

ሣሩን የሚገድለው ድርቅ ብቻ አይደለም፣ ልቅ ግጦሽም ነው። ለጋ ሳለ ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከባለ ማሳዎቹና ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር እንነጋገር፣ ከዚያ የጥበቃ ተራ እናውጣ። ሰፈርህንና የሚመችህን ቀን ጻፍልኝ። ቅዳሜን እኔ ይዣለሁ።