ጢንዚዛን የሚገድል ሻጋታ

ሻጋታ በየቤታችን ክፉ ስም አለው፤ እንጀራ ቢሻግት ይጣላል፣ እህል ቢሻግት ያሳዝናል። ነገር ግን በአንዱ ጥፋት ወገኑን ሁሉ መኰነን ፍርድ አይሆንምና፣ ከሻጋታ ወገን ለጓሮ አትክልት ዘበኛ የሚሆን መኖሩን ዛሬ ለቤት እመቤቶች ልንገልጽ አሰብን።

ነገሩን አስቀድሞ የመረመረው የኢጣልያው ሰው አጎስቲኖ ባሲ ነው። የተማረው ሕግ ነበር፤ ዳሩ ግን የሐር ትልን የሚፈጅና ሬሳውን እንደ ኖራ የሚያነጣ በሽታ ባየ ጊዜ ብዙ ዓመት ደክሞ፣ ምክንያቱ ሕያው ሻጋታ መሆኑን በ1835 (እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር) አስታወቀ። ዛሬ ሻጋታው ቦቬሪያ ባሲያና ሲባል ሁለተኛው ስም ከእርሱ የተወሰደ ነው። በ1879 ደግሞ ሜችኒኮፍ የተባለ ሊቅ በኦዴሳ አውራጃ የስንዴ ጢንዚዛን የሚገድል አረንጓዴ ሻጋታ መርምሮ፣ ይህንኑ አብዝቶ በተባይ ላይ ማዋል እንደሚቻል አመለከተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሻጋታው ረቂቅ ዘር በጢንዚዛው ገላ ላይ ያርፋል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይበቅልና ቅርፊቱን በስቶ ይገባል፤ ውስጡንም ይበላዋል። ተባዩ መብላቱን እየተወ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። የድንችና የደበርጃን ቅጠል የሚጨርሰው የኮሎራዶ ጢንዚዛ ብዙ ዓይነት መርዝ ስለ ለመደ፣ ይህ ሻጋታ በእርሱ ላይ ይረጫል። ይልቁንም ገና ትል ሳለ ቢያገኘው ይበረታበታል።

እንግዲህ ለሥራ የተዘጋጀውን ሻጋታ የገዛ ሰው በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ በውሃ ይበጥብጠው፤ አፍና አፍንጫውንም ይሸፍን። የፀሐይ ብርሃን ዘሩን ይገድለዋልና ሲመሽ ይርጨው፤ ትሉ የሚሸሸገው በቅጠሉ ሥር ነውና ከታች ወደ ላይ ይርጭ። ንብ በአበባ ላይ ሳለች አይርጭ። የሻጋታ ማጥፊያ መድኃኒት ከእርሱ ጋራ ቢቀላቀል ድካሙ ከንቱ ነው። በቤት የሻገተ እንጀራ ግን ይህን ሥራ አይሠራምና፣ ያንን በጥብጦ በጎመን ላይ ማፍሰስ አይገባም።

እመቤቶች ሆይ፣ በማግስቱ ጢንዚዛው ሲመላለስ አይታችሁ ተስፋ ቈርጣችሁ ወደ መርዝ አትሩጡ። ሻጋታው ሥራውን የሚፈጽመው በቀናት ነው፤ ከዚያ ጓሮ የሚለቀመውም ምግብ ነገ በልጆቻችሁ ገበታ ላይ የሚቀርብ ነው።