ራስ ጉግሳ ወሌ፤ በአንድ መስመር የታለፉት መስፍን

በታሪክ መጻሕፍታችን ራስ ጉግሳ ወሌ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ በተፈሪ ላይ ሸፈቱ፣ በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ተገደሉ። ምዕራፉ ወዲያው ወደ ዘውድ በዓሉ ያልፋል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ ግን የሚያቋርጠው የእኚህን ሰው ግዛት ነው። (ስሙ የሚያምታታው አንባቢ ካለ፦ ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሳ መርሶ መቶ ዓመት ይቀድማሉ፤ በ1928 ዓ.ም. ለጣሊያን የገባው ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ደግሞ የትግራዩ የራስ ጉግሳ አርአያ ልጅ ነው።)

ራስ ጉግሳ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አገቡ። ጋብቻው የሰሜኑን መኳንንት ከሸዋ ዙፋን ጋር የሚያስተሳስር ውል ነበር፤ ኋላ የጎዳቸውም ይኸው ውል ነው። መጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ የወገኖቻቸው ኮከብ አብሮ ጠለቀ። መስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ሲነግሡ ደግሞ የዙፋኑ ዋጋ ከባላቸው መለየት ሆነ። ሚስት ወደ ዙፋን፣ ባል ወደ በጌምድር! የሸዋ መኳንንት የፈሩት የጣይቱ ወገን በጓዳ በር ተመልሶ እንዳይገባ ነበር፤ በእነርሱ ዐይን ሲታይ ስሌቱ ስሕተት አልነበረም። ይሁንና ባልና ሚስትን በመኳንንት ውሳኔ የለያየ መንግሥት፣ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ባልየው ቂም ይዘው ቢያገኛቸው ምን ይደንቃል?

መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። ራስ ጉግሳ በራያና አዘቦ አመፀኞች ላይ እንዲዘምቱ ሲታዘዙ ሳይዘምቱ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ መመለሻ አልነበራቸውም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር አንቺም ላይ ገጠማቸው። አውሮፕላኖች አስቀድመው ራሱን የሚከተለውን ሁሉ የሚያወግዝ ወረቀት በተኑ፤ ቦምብም ጣሉ። ውግዘትና ቦምብ ከአንድ ሰማይ ወረዱ። የበጌምድር ገበሬ ያንን ድምፅ ሲሰማ ምን እንደተሰማው ለመገመት ለዛሬው የደቡብ ጎንደር ሰው ማስረዳት አያሻም። ራስ ጉግሳ በዚያው ቀን ወደቁ፤ ታመው የነበሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

የእኔ ትውልድ መምህራን ሰውየውን «አድኃሪ» በሚል ቃል ይዘጓቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ የክልል ሰማዕት ሊያደርጓቸው የሚሹ ወዳጆች አሉኝ። ሁለተኛውንም አልቀበልም። ራስ ጉግሳ የቆሙለት ሥርዓት ገበሬው ለባለጉልት የሚገብርበት ነው፤ ለባላገሩ የተሻለ ነገር ይዘው አልተነሡም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሳይሸፍቱ አቤቱታቸውን የት ያቅርቡት?

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ መሳፍንት ሕግ የመሻር ሥልጣናቸውን የተነጠቁት በገዛ ምክር ቤታቸው፣ በ131 ድምፅ ለ114 ነበር። ተናደዱ፣ ተሰዳደቡ፣ ተሸነፉ፤ በሕይወት ወደ ርስታቸው ተመለሱ። ለእኛው መስፍን ግን ሠራዊቱ ምክር ቤቱም ድምፁም ነበር፤ ተሸነፈ ማለት ሞተ ማለት ነው። ተፈሪ ተራማጅ እንደነበሩ አልክድም፤ ነገር ግን ለመኳንንቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ያቋቋመው ሕገ መንግሥት የወጣው ሐምሌ 1923 ዓ.ም.፣ ከአንቺም ዐሥራ ስድስት ወር በኋላ ነው። የዚያን ምክር ቤት አባላትም የሚመርጡት ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።