ክሬዲቱ ተሻገረ፤ ተማሪውስ?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ስሌቱ ግልጽ ነው። ሁለቱን ዓመት ከቤት እየተመላለሱ፣ እየሠሩም ጭምር፣ በአነስተኛ ክፍያ መጨረስ፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ቀሪውን ሁለት ዓመት ማጠናቀቅ። ነገር ግን ሁለትና ሁለት እዚህ ላይ ሁልጊዜ አራት አይሆኑም።

የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.አ.አ በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከመንግሥት ኮሌጅ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በተዛወሩት ላይ ኪሳራው አነስ ይላል፤ ቀላል ግን አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው በወረቀት ላይ የማይታየው ኪሳራ ነው። ዩኒቨርሲቲው “60 ክሬዲት ተቀብያለሁ” ሊል ይችላል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለተመረጠው የትምህርት መስክ እንደሚቆጠር የሚታወቀው ግን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። በኮሌጁ የተወሰደ የፕሮግራሚንግ ኮርስ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ ከሚፈልገው ካልገጠመ፣ እንደ ተጨማሪ የምርጫ ትምህርት ተመዝግቦ ይቀራል። ተማሪው ተመሳሳዩን ኮርስ ዳግም ይወስዳል፤ ዳግምም ይከፍላል። ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል የትምህርት ድጎማ በሕይወት ዘመን ከ12 ሙሉ ሴሚስተር ስለማያልፍ፣ የባከነው ጊዜ ከድጎማውም ላይ ይቀነሳል።

ሁለተኛው ፈተና የሚጀምረው ከቅበላው በኋላ ነው። የተዛወሩ ተማሪዎች ውጤት በመጀመሪያው ሴሚስተር ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች “የዝውውር ድንጋጤ” ብለው መጥራት ከጀመሩ ከ1965 ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ተማሪው በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ዓመት ኮርሶች ይገባል፤ የክፍል ጓደኞቹ ግን መምህራኑን፣ ቤተ ሙከራውንና አብረው የሚያጠኑትን ሰዎች ለይተው ካወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ላይ በአብዛኛዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲቱ እንጂ የውጤት አማካዩ አብሮ አይሻገርም። ኮሌጅ በ3.8 የጨረሰ ልጅ ከባዶ ይጀምራል፤ በአንድ ሴሚስተር የገጠመው መሰናክል ያለ ማካካሻ ብቻውን ይታያል።

በዚህ ወቅት ቤተሰብ የሚያሳየው ጥድፊያ፣ ከበጎ ሐሳብ ቢመነጭም፣ ጉዳቱን ያባብሳል። ጊዜ እንዳይባክን ተብሎ አምስት ከባድ ኮርስ ይመዘገባል፤ የምሽቱ ሥራም እንደነበረ ይቀጥላል። ለአብዛኛው የገንዘብ እርዳታ እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመቆጠር 12 ክሬዲት ይበቃል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በዚህ ልክ ይዞ፣ ከባዶቹን የሳይንስና የሒሳብ ኮርሶች በአንድ ላይ አለመደራረብ ወደ ኋላ መቅረት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ትልቁ ኃላፊነት ግን የተቋማቱ ነው። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ2018 የጀመሩት “አድቫንስ” የተሰኘ መርሐ ግብር፣ ተማሪው ገና ኮሌጅ ሳለ የሚሄድበትን የትምህርት መስክ እንዲያውቅና በዚያው መሠረት ኮርስ እንዲመርጥ በአማካሪ ያግዘዋል። እንዲህ ዓይነት ስምምነት በሌለበት፣ መርማሪነቱ በተማሪው ላይ ይወድቃል። የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ ማስቀመጥ፣ የቅበላ ማረጋገጫውን ከመፈረም በፊትም እያንዳንዱ ኮርስ በምን እንደሚተካ ከትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልገዋል። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት አቋርጠው የመጡትም በውጭ ገምጋሚ ድርጅት የሚያስመረምሩት ማስረጃ አጠቃላይ ሳይሆን ኮርስ በኮርስ የተተነተነ እንዲሆን ከመክፈላቸው በፊት ማረጋገጥ አለባቸው።