ክራሩን ስቀለው ለሚሉ

በሞጆ፥ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፥ ልጁ የታመመበት አንድ አባት ማታ ማታ ክራር ይመታል። ጎረቤቱም «አንጀት የሌለው» ይለዋል። ይህ ፍርድ ድንቁርና ነው።

ሕመሙ የሳምንት ጉንፋን ቢሆን ኖሮ ክራሩ ይሰቀል ባልሁ። ነገር ግን ከጉሮሮ ቁስል ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ያስወጋል፤ ልቡ ለተነካ ልጅ ቢያንስ 10 ዓመት። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወደ ተከፈተው የልብ ማዕከል መመላለስም ሊኖር ነው፤ መንገዱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ማን ሳይተነፍስ ያስታምማል? ልጁስ ቢሆን ከአልጋው ሆኖ ያዳምጥ የለምን?

ወጣቶች ሆይ፥ ነገ ወላጆች ናችሁና ልብ በሉ። ለክራሩ ብሎ የመርፌውን ቀን ያሳለፈ አባት ግን ጠበቃ አልሆነውም፤ ትኩሳቱ በተመለሰ ቁጥር ልቡን ይብስ ይጎዳዋል።

ጎረቤቱ ያላየው ሌላ በደል አለ (ወንዶች ይህን ስናገር ይቆጣሉ)። እናትየው የጀመረችው መሶብ ልጁ ከታመመ ወዲህ ሳይጨረስ ጥግ ተቀምጧል። አንተ ባለ ክራር፥ ዛሬ ማታ ልጁን አንተ ታቀፍ፤ እርስዋ ወስፌዋን ታንሣ።